ካርድ ከሌለ ሥራ የለም፦ ካንባን ከማሽን ክፍል እስከ ቢሮ ግድግዳ

በ1940ዎቹ መገባደጃ የቶዮታ ፋብሪካ ወር ሁለት መልክ ነበረው። በወሩ መጀመሪያ የመገጣጠሚያው ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይውላል፤ ሻንሲው ደርሶ ካምቢዮው አልመጣም፣ ካምቢዮው ሲመጣ ደግሞ የፍሬን ዕቃው የለም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የጎደለው ሁሉ ካለበት ተለቃቅሞ ይደርስና ሌት ተቀን ርብርብ ይሆናል፤ የወሩ ኮታ የሚሞላው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። የሰኔን የበጀት መዝጊያ ከውስጥ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም።

የሚገርመው መጋዘኑ ባዶ አለመሆኑ ነው። ዛሬ የማይፈለገው ዕቃ ተከምሯል፤ የሌለው ዛሬ የሚፈለገው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ማሽኔ ሥራ እንዳይፈታ እያለ በአቅሙ ልክ ያመርታል፣ ያመረተውንም ወደሚቀጥለው ክፍል ገፍቶ ይገላገላል። ቀጣዩ ክፍል አስፈለገው አላስፈለገው የእሱ ጉዳይ አይደለም። ካንባን የምትባለው ትንሽ ወረቀት የወጣችው ይህን ልማድ ለመስበር ነው። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን ሰሌዳ ነው፤ በዓምድ የተከፋፈለ፣ ባለ ቀለም ወረቀት የተለጣጠፈበት፣ ውዝፍ ሥራ በግራ በኩል ገብቶ በቀኝ በኩል ያለቀ ሥራ ሆኖ የሚወጣበት። ታሪኩን ከሥሩ የተከታተለ ግን ሰሌዳው ዘግይቶ የመጣ መሆኑን ያያል። ቀድሞ የመጣው ክልከላው ነው፦ ካርድ ያልደረሰው ክፍል እንዳያመርት። (በታሪኩ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሽመና ነው። የአናጺ ልጅ የነበረው ሳኪቺ ቶዮዳ ዕድሜውን በሙሉ የሽመና ማሽን ሲያሻሽል ኖረ። በ1924 ከልጁ ከኪቺሮ ጋር ያጠናቀቀው ማሽን አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው፤ ከድሩ አንዲት ክር ስትበጠስ ራሱን ያቆማል። እንዲህ ያለ ጠባይ የሌለው ማሽን ክሩ ተበጥሶም መሸመኑን ይቀጥላል፤ ሠራተኛው እስኪያየው ብዙ ክንድ ጨርቅ ይበላሻል። ስለዚህ ከየማሽኑ አጠገብ ዓይኑን የማይነቅል ሰው መቆም ነበረበት። ማሽኑ ራሱ ማቆም ሲችል አንድ ሰው ብዙ ማሽን ተቆጣጠረ። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የፈጠራ መብቱን በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ኪቺሮ የመኪና ምርምሩን ሲጀምር ድጋፍ የሆነው ይህ ገንዘብ ነው። የቶዮታ ሞተር ኩባንያ የተቋቋመው በ1937 ነው። በቀጣዩ ዓመት በኮሮሞ ከተማ ትልቁ ፋብሪካ ሲከፈት ኪቺሮ አንድ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለገው መጠን ብቻ ይድረስ የሚል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሐሳቡ ሳይሠራበት ቀረ። ኮሮሞ ራሷ በ1959 ስሟን ቀይራ ቶዮታ ከተማ ተባለች።

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር ጃፓንን ሲያስተዳድር የዋጋ ንረቱን እንዲገታ ጆሴፍ ዶጅ የተባለ የዲትሮይት ባንከኛ መጣ። ዶጅ የመንግሥትን ወጪ ቆረጠ፣ ብድርን አጠበበ። ንረቱ ቆመ፤ ገበያውም አብሮ ቆመ። ቶዮታ የሠራቸው መኪናዎች ገዢ አጡ፣ የተሸጡትም ክፍያቸው አልሰበሰብ አለ፣ ደመወዝ መክፈል አቃተ። በ1950 የጸደይ ወራት ረጅም የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። ባንኮች ኩባንያውን ከመዘጋት ሲያድኑ ካስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንዱ ሊሸጥ ከሚችለው በላይ እንዳይሠራ የሚል ነበር። ከ2,000 በላይ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ሠራተኛ አላሰናብትም ሲል የቆየው ኪቺሮም በኃላፊነቱ ምክንያት በሰኔ ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ሰኔ የኮርያ ጦርነት ፈነዳ፤ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ፤ ፋብሪካው ነፍስ ዘራ። ኪቺሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። ዛሬ ስለ ካንባን የሚያስተምሩ ሰዎች ነገሩን የጃፓን ጥበብና ትዕግሥት የወለደው ያስመስሉታል። የወለደው ግን ኪሳራ ነው። ገዢ ያላገኘ ዕቃ እንዴት ኩባንያ እንደሚገድል በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው "አታምርት" የሚል ካርድ ለመቀበል የተዘጋጁት። በዚያው በ1950 የኪቺሮ የአጎት ልጅ ኤጂ ቶዮዳ ወደ ዲትሮይት ሄዶ የፎርድን የሩዥ ፋብሪካ ጎበኘ። ሩዥ በቀን ወደ 7,000 መኪና ያወጣል፤ ቶዮታ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ የሠራቸው የቤት መኪናዎች ተደምረው 2,685 ነበሩ። ፎርድን በብዛት መቅደም የማይታሰብ ነበር። የቀረው መንገድ ጥቂት ሠርቶ ምንም አለማባከን ነው።

ታይቺ ኦኖ የሚባለው የማሽን ክፍል ኃላፊ የገባው በዚህ መሐል ነው። በ1912 በማንቹሪያ ዳሊያን ከተማ ተወልዶ በ1932 በቶዮዳ ክር ማምረቻ ተቀጠረ፤ ወደ መኪናው ፋብሪካ የተዛወረው በ1943 ነው። ስለዚህ መኪናን የሚያየው በሸማኔ ፋብሪካ ዓይን ነበር። አንድ ሰው ብዙ የሽመና ማሽን ከተቆጣጠረ፣ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ ለምን ሁለትና ሦስት ማሽን አይቆጣጠርም ብሎ ተነሣ። በሙያቸው የሚኮሩት የማሽን ሠራተኞች አልወደዱለትም። ኦኖ እንዲወደድ የሚጥር ሰው አልነበረም። በጠመኔ መሬት ላይ ክብ ሥሎ አንዱን ኃላፊ መሐሉ ያቆመውና ለሰዓታት "እዚህ ቆመህ ተመልከት" ይለው እንደነበር አብረውት የሠሩ ሰዎች ያወራሉ። ሲመለስ "ምን አየህ?" ይላል፤ መልሱ ካላረካው ሰውየው እዚያው ይቀጥላል።

የካርዱ ሐሳብ የመጣለት ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። በ1916 በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለው መደብር እስኪከፈት ድረስ የአሜሪካ ሱቅም እንደ ሰፈራችን ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ የጠየቁትን ያወርዳል። በአዲሱ ዓይነት መደብር ግን ገዢው መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ የሚፈልገውን፣ በሚፈልገው ሰዓት፣ በሚፈልገው መጠን ራሱ ያነሣል። መደብሩ የሚተካው የተነሣውን ብቻ ነው። ኦኖ ይህን የሰማው አሜሪካን በ1956 ሄዶ ከማየቱ ዓመታት አስቀድሞ ነው፤ በ1953 ገደማም በራሱ ማሽን ክፍል ውስጥ መሞከር ጀምሮ ነበር። የኋለኛው ክፍል ገዢ ነው፣ የፊተኛው ክፍል መደብር ነው። ገዢው ራሱ መጥቶ ይውሰድ፤ መደብሩ የተወሰደበትን ብቻ ይተካ። እስከዚያ ዕቃ በፊተኛው ክፍል ይገፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በኋለኛው ክፍል ይጎተት ጀመር።

ካርዱን ቀረብ ብለን እንየው። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ወረቀት ነው። የዕቃው ስምና ቁጥር፣ ከየትኛው ክፍል ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በአንድ ሣጥን ስንት እንደሚገባ ተጽፎበታል። ከሣጥኑ ጋር ይዞራል። የመገጣጠሚያው ሠራተኛ ከሣጥኑ የመጀመሪያዋን ዕቃ ሲያነሣ ካርዱን ነቅሎ ማስቀመጫው ውስጥ ይጥላል። ዕቃ አመላላሹ ካርዶቹን ሰብስቦ ወደ ፊተኛው ክፍል ይሄዳል፤ በእጁ ባለው ካርድ ልክ ሙሉ ሣጥኖችን ይወስዳል። በነዚያ ሣጥኖች ላይ የነበሩት ሌላ ዓይነት ካርዶች፣ የማምረቻ ካርዶች፣ ደግሞ እዚያው ይቀሩና ለቶርኖው ሠራተኛ ትእዛዝ ይሆናሉ። ካርድ ካልመጣለት ማሽኑን ያጠፋል፤ ይጠርጋል፣ ዘይት ይቀባል፣ መሣሪያ ያስተካክላል፤ ዕቃ ግን አይሠራም። የተበላሸ ዕቃም ካርድ ታስሮለት ወደ ቀጣዩ ክፍል አይሄድም።

የካርዶቹ ብዛት በዘፈቀደ አይወሰንም። መገጣጠሚያው በሰዓት 60 ዕቃ ይጨርሳል፣ አንድ ካርድ ሄዶ በዕቃ ተተክቶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አንድ ሣጥን 20 ይይዛል እንበል። በሁለት ሰዓት 120 ዕቃ ያልቃል፤ ስለዚህ 6 ካርድ ይበቃል፣ ለክፉ ቀን አንድ ቢጨመር 7። በዚያ መስመር ላይ ከ140 በላይ ዕቃ ሊኖር አይችልም፤ ማንም ቢጓጓ፣ ማንም ቢታትር። የኦኖ ተንኮል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራው ሲረጋጋ ኃላፊው ከሰባቱ አንዱን ካርድ ዝም ብሎ ይወስዳል። ያን ጊዜ አንድ ቦታ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ማሽን ቶሎ ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ሌላው ዓይነት ለመቀየር ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት ይጋለጣል። ያ ችግር ድሮም ነበር፤ ክምችቱ ነበር የሸፈነው። ችግሩ ይፈታል፣ ደግሞ አንድ ካርድ ይነሣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጀምበር አልሆነም። ካንባን በመላው ኩባንያ የተስፋፋው በ1962 ነው፤ ኦኖ ራሱ አሥር ዓመት ያህል እንደፈጀ ይናገራል። ወደ ዕቃ አቅራቢ ድርጅቶች የደረሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ከጃፓን ውጭ ማንም ልብ ያላለው ነገር በ1973 የነዳጅ ቀውስ ዓይን ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹ ሲንገዳገዱ ቶዮታ ፈጥኖ አገገመ። ኦኖ መጽሐፉን በ1978 በጃፓንኛ አሳተመ፤ እንግሊዝኛው የወጣው በ1988 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአማካሪዎች ገበያ የታወቀ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ነገሩን ከታች ሆኖ ያየ ሰው ምስክርነት ግን መታለፍ የለበትም። ጋዜጠኛው ሳቶሺ ካማታ በ1972 በወቅታዊ ሠራተኝነት ቶዮታ ተቀጥሮ ለወራት በካምቢዮ መገጣጠሚያው መስመር ላይ ሠራ። በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ፋብሪካውን የተስፋ መቁረጥ ፋብሪካ ይለዋል። መስመሩ እየፈጠነ፣ ሰው እየተቀነሰ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራው እየረዘመ ሲሄድ ያየውን ጻፈ። ማባከንን አስወግዱ የሚለው ትእዛዝ ከላይ ሲነገር ስለ ዕቃ ነው፤ ታች ሲደርስ የሰውን ትንፋሽ መሰብሰቢያም ይሆናል። ገደቡ የተቀመጠው ለዕቃው ነው፣ ለሠራተኛው ድካም ማን ካርድ ቆረጠለት?

ሌላው ድክመት በእሳት ተፈተነ። የካቲት 1 ቀን 1997 ሊነጋጋ ሲል በካሪያ ከተማ የአይሲን ኩባንያ ፋብሪካ ተቃጠለ። እዚያ የሚመረተው የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ቶዮታ የሚጠቀምበት ቫልቭ በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ አንድ ፋብሪካ ይመጣ ነበር። የቶዮታ ክምችት የሰዓታት ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የጃፓን ፋብሪካዎቹ ከሞላ ጎደል ቆሙ። ከዚያ የሆነው ግን ለመጽሐፍ የሚበቃ ነው። ቫልቭ ሠርተው የማያውቁ ብዙ ድርጅቶች፣ የልብስ ስፌት ማሽን ሠሪው ብራዘር ሳይቀር፣ የአይሲንን ንድፍ ወስደው በየማሽናቸው መቁረጥ ጀመሩ፤ ስለ ዋጋና ስለ ውል በመጀመሪያ ያነሣ አልነበረም። በሳምንት ውስጥ መስመሮቹ ዳግም ተንቀሳቀሱ። በአንድ አቅራቢ መንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ቶዮታ ተማረ፤ ካንባንን ግን አልተወም። ሁለተኛውን ትምህርት የሰጠው የ2011ዱ የምድር መናወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶዮታ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ አቅራቢዎቹን የወራት ክምችት እንዲይዙ ጠየቀ። በ2021 መጀመሪያ ቺፕ ጠፍቶ ሌሎች መስመራቸውን ሲዘጉ ለጊዜው ተረፈ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን የመስከረም ምርቱን በ40 በመቶ እንደሚቀንስ ለማስታወቅ ተገደደ።

ይህ ሁሉ ከሣጥንና ከብረት ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ቢሮ ሥራ እንዴት ገባ? በቢሮ ውስጥ ክምችት አይታይም። ያልተጠናቀቀ ዘገባ፣ በግማሽ የተጻፈ ፕሮግራም፣ ፊርማ የሚጠብቅ ውል መተላለፊያ አይዘጋም፤ ማንም አይደናቀፍበትም። ለዚህ ነው የቢሮ ሠራተኛ በእጁ ስንት ጅምር እንዳለ ሲጠየቅ ግራ የሚጋባው። የአገራችን ባለጉዳይ "በሂደት ላይ ነው" የሚለውን መልስ ለምዶታል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ፋይሉ በእርግጥ ተጀምሯል። ችግሩ ሁሉም ፋይል መጀመሩ ነው።

ጉዳዩን በሒሳብ ያሰረው በኋላ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር የሆነው ጆን ሊትል ነው። በ1961 ያሳተመው ማረጋገጫ ለማንኛውም የተረጋጋ ወረፋ ይሠራል፦ በውስጡ ያለው ሥራ አማካይ ብዛት፣ ሥራ ከሚያልቅበት ፍጥነትና አንዱ ሥራ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። አንድ ቡድን በወር 6 ሥራ የሚጨርስ ከሆነና 60 ጅምር ከያዘ፣ እያንዳንዱ በአማካይ 10 ወር ይቆያል። ጅምሩን ወደ 12 ቢያወርድ በዚያው ፍጥነት ሁለት ወር ይበቃል። ማንም አልፈጠነም፣ ማንም አላመሸም። ደንበኛው የሚያየው ግን ሌላ ቡድን ነው። ይህ የሚመስለውን ያህል ለመዋጥ ቀላል አይደለም፤ አለቃ "ጀምሩልኝ" ሲል የሚጠይቀው ሥራው እንዲዘገይ መሆኑን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይጠይቃልና።

ነገሩ በሶፍትዌር የታየው በማይክሮሶፍት ነው። በ2004 ለኩባንያው የውስጥ ሥራ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን የሚጠግን አንድ ትንሽ ቡድን በሕንድ ሃይደራባድ ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ ጥያቄው የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። ከ80 በላይ ጥያቄ ተወዝፎበታል፣ ውዝፉ በየወሩ ያድጋል፣ አንድ ጥያቄ እስኪመለስ አምስት ወር ይፈጃል፤ ስሙ በክፍሉ ውስጥ ጠፍቷል። ሥራውን የተረከበው አዲስ ኃላፊ በዚያው ኩባንያ የነበረውን ዴቪድ አንደርሰንን አማከረ። አንደርሰን የኤልያሁ ጎልድራትን የማነቆ ንድፈ ሐሳብ ያጠና ሰው ነበር። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲመረምሩ ፕሮግራመሮቹ ሰነፎች አልነበሩም። አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር በ48 ሰዓት ውስጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ግምት መስጠት ግዴታ ነበር፤ ለአንዱ ግምት የአንድ ፕሮግራመርና የአንድ ሞካሪ አንድ አንድ ቀን ይሄዳል። ግምቱ ብቻውን የቡድኑን አቅም እስከ 40 በመቶ ይበላ ነበር። ከተገመቱት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ደግሞ ጨርሶ አይሠሩም።

መፍትሔው ግምቱን ማስቀረት፣ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ሥራ መገደብና ቦታ ሲለቀቅ ብቻ ከውዝፉ አንድ ጥያቄ መሳብ ነበር። የትኛው ይሳብ የሚለውን ጠያቂዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ይወስናሉ። ፕሮግራመሮቹ ኮድ የሚጽፉበት መንገድ አልተነካም። በኅዳር 2005 ውዝፉ ተጠናቀቀ፤ የአንድ ሥራ አማካይ ቆይታ ከአምስት ወር ወደ 14 ቀን ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ምንም ወረቀት አልነበረም። ሥራው የሚታየው በኮምፒውተር መከታተያ ውስጥ ነበር።

አንደርሰን የሠራው ካንባን መሆኑ የተገለጠለት ሥራው ገና እየተካሄደ ሳለ ነው። በ2005 ሚያዝያ ቼሪ ሲያብብ ከቤተሰቡ ጋር ቶክዮ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት ምሥራቃዊ አትክልት ቦታ ጎበኘ። መግቢያው ነጻ ነበር፤ ነገር ግን ዘበኛው በር ላይ ለያንዳንዱ ጎብኚ አንዲት የፕላስቲክ ካርድ ይሰጥ፣ ሲወጡ ይቀበል ነበር። ካርዱ የገንዘብ ማስረጃ አልነበረም፤ በአትክልቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘውን ሰው ይገድብ ነበር። ካርዶቹ ካለቁ አንድ ሰው እስኪወጣ አንድ ሰው አይገባም ነበር። አንደርሰን በ2006 ሲያትል ወደነበረውና የቢል ጌትስ ንብረት ወደነበረው ኮርቢስ የፎቶግራፍ ኩባንያ ሲዛወር ይህን አሠራር በግልጽ ካንባን ብሎ ተከለው፤ ነጩ ሰሌዳ የመጣው እዚያ ነው። ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ በራሱ አዲስ አልነበረም፤ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የተባለውን የሶፍትዌር አሠራር የሚከተሉ ሰዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያደርጉት ነበር። የኮርቢስ ሰሌዳ አዲስነቱ ከእያንዳንዱ ዓምድ በላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ዓምዱ በቁጥሩ ልክ ከሞላ፣ ካርድ ማምጣት አይቻልም፤ እጁ ባዶ የሆነው ሰው ወደ ቀኝ ሄዶ የተጣበቀውን ሥራ ያግዛል። በየጠዋቱ በሰሌዳው ፊት ቆመው ሲነጋገሩ የሚያነቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሊያልቅ የቀረበው ይቅደም ብለው።

ከዚያ ትሬሎ መጣ። በ2011 ፎግ ክሪክ የተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ አወጣው፤ በ2017 አትላሲያን በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሰሌዳው ከግድግዳ ወደ ስልክ ገባ፤ ለሠርግ ዝግጅትም፣ ለሶፍትዌርም፣ ለጋዜጣ ዝግጅት ክፍልም የሚሆን ሆነ። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ዓምዶቹ ማለቂያ የላቸውም፤ ጣት ወደ ታች እስካንሸራተተ ድረስ ካርድ ይገባል። ገደብ ማስቀመጥ የሚፈልግ ለብቻው የሚጨመር ባሕርይ ፈልጎ ያበራል። የግድግዳ ወረቀት ቢያንስ ግድግዳው ያልቅበታል። እዚህ ላይ ካንባን ከሥሩ ተገለበጠ፤ ሥራ ለመከልከል የወጣው ካርድ ሥራ መመዝገቢያ ሆነ። "በሥራ ላይ" በሚለው ዓምድ 40 ካርድ የደረደረ አምስት ሰው ያለበት ቡድን ካንባን አለኝ ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ያለው ሰሌዳ ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘችው ካይዘን በተባለው የጃፓን የማያቋርጥ ማሻሻያ አሠራር በኩል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2008 የጃፓንን እገዛ ጠየቁ፤ ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተደረገ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በየፋብሪካው ግድግዳ አምስቱ ማዎች ተጻፉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከጽዳትና ከሥርዓት መጀመሩ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። የካርዱን ዙር ወደ ፋብሪካዎቻችን ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የኦኖ አቅራቢዎች ከፋብሪካው በቅርብ ርቀት ላይ ነበሩ። የውጭ ምንዛሪ ጠብቆ፣ ኤል ሲ ከፍቶ፣ ዕቃውን ከጅቡቲ የሚያስጭን ፋብሪካ ዕቃ ሲገኝ መጋዘኑን ቢሞላ አባካኝ አይባልም። አንድ ካርድ ቢነሣበት የሚጋለጠው ችግር ፎርማኑ ሊፈታው የሚችል አይደለም።

የቢሮ ሥራ ከዚህ ሰንሰለት ነጻ ነው። የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ቡድን፣ የባንክ የብድር ክፍል፣ የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ጅምሩን ለመገደብ ምንዛሪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እንቢ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከምንዛሪ ይብስ ይሆናል። ሦስት ነገሮች ሲከብዱ አያለሁ። አንደኛው ቁጥሩ ነው፤ ስንት ይሁን ተብሎ ወር ሙሉ ይከራከሩበታል፤ በአባላቱ ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ግን በአንድ ቀን የሚሆን ነው፤ ኦኖም ካርዶቹን አንድ በአንድ ነው ያነሣው። ሁለተኛው የቆየ ውዝፍ ነው። ከስድስት ወር በላይ ማንም ያልጠየቀው ካርድ ቢሰረዝ ይጠፋብናል የሚል ፍርሃት አለ። ካስፈለገ ባለቤቱ ዳግም ይዞት ይመጣል፤ ካላመጣው ድሮም አላስፈለገውም ነበር።

ሦስተኛው የአለቃ ስልክ ነው። ሰሌዳው የቱንም ያህል ቢያምር "ይቺን ዛሬውኑ" የሚል ድምፅ ሲመጣ ገደቡ ይፈርሳል፣ ሌላው ካርድ ሁሉ ባለበት ይቀራል። ኮርቢስም ይህ ነበረበት፤ ለእሱም መላ አበጁለት። ለአስቸኳይ ሥራ ከሰሌዳው ላይ የብቻው መስመር ተሰመረለት፣ ሥራው "የብር ጥይት" ተባለ፣ ሁሉንም ሥራ ቀድሞ ያልፋል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይገባም። ሥራ አስፈጻሚው ሁለተኛ አስቸኳይ ካመጣ ወይ የመጀመሪያው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ወይ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ሰሌዳው ፊት ቆሞ ራሱ ይመርጣል።